ወረቀት የተለጠፈባቸው ፓፓዎች

ለወንድሜ የመተንፈሻ ቱቦ ሊያስገቡለት መሆኑን የሰማሁት የእንግዳ መታጠቢያ ቤት መስታወት እየወለወልኩ ሳለ ነው። በፈረንጆች 2020 ነው፤ ለፈረንጆች ገና በዓል ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም።

የምሠራው ላስ ቬጋስ፣ ስትሪፑ በሚሉት የካዚኖ ጎዳና ላይ ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ ነው። ክፍል አጸዳለሁ። በሺፍት ላይ ስልክ ማንሳት ክልክል ነው፤ እኔም ክልክል የተባለ ነገር አድርጌ አላውቅም። ወንድሜ ሆስፒታል ከገባ ስድስተኛ ቀኑ ስለነበር ግን ያን ሰሞን ስልኬን በሽርጤ ኪስ ይዤ እገባ ነበር። ሲንቀጠቀጥ ጨርቁ ከእጄ ወደቀ።

ነርሷ በእንግሊዝኛ እየተጣደፈች ነው የምታወራው። ኦክስጅኑ አልያዘለትም፣ ሐኪሙ ቱቦ እንዲገባለት ወስኗል፣ ከዚያ በኋላ ተኝቶ ስለሚቆይ መናገር አይችልም። "እየተዘጋጁ ነው። አሥር ደቂቃ ካገኘሁ ስልኩን አጠገቡ አድርጌ መልሼ እደውልልሻለሁ" አለችኝና ዘጋችው።

አብራኝ የምትሠራው ልጅ አንሶላ እያነጠፈች ነበር። የእኛው አገር ሰው ናት፣ ጴንጤ ናት፤ በሃይማኖት ሁሌ እንደተከራከርን ነው። ፊቴን ስታይ ግን አንሶላውን ለቀቀች። "አልጋው ላይ ተቀመጪ፤ በሩን እኔ እጠብቃለሁ። ሱፐርቫይዘሯ ከመጣች ሽንት ቤት ናት እላታለሁ" አለችኝ። በእንግዳ አልጋ ላይ መቀመጥም ክልክል ነው። አልተቀመጥኩም። ቆሜ ለሰበካችን ካህን ደወልኩ።

አባ ያን ሳምንት ሁለት ጊዜ ሄደው ከሆስፒታሉ በር ተመልሰዋል። ሰው የሚያስገቡት መጨረሻው ላይ ብቻ ነበር፤ መጨረሻው የትኛው እንደሆነ የሚወስኑትም እነሱ ናቸው። "አሁን ብነሣም አልደርስም። በስልክ ኑዛዜ መቀበል እንደማልችል ደግሞ ታውቂያለሽ" አሉኝ።

"አውቃለሁ አባ።"

"ቅዱስ አባታችን ወረርሽኙ ሲጀምር የፈቀዱትን ታስታውሻለሽ አይደል? ካህን ያጣ በሽተኛ ከልቡ ከተጸጸተ፣ ብድን እናዘዛለሁ ብሎ ከቆረጠ፣ ምሕረት አይከለከልም። ግን አንቺ ልታደርጊለት አትችዪም፤ እኔም አልችልም። እሱ ራሱ መፈለግ አለበት። አንቺ እንዲፈልግ አድርጊው።"

እንዲፈልግ አድርጊው። ይህን ለማድረግ ስምንት ወር ሙሉ ነበረኝ፤ አሁን አሥር ደቂቃ ቀረኝ። ስምንቱን ወር ምን ላይ እንዳዋልኩት መናገር ስላለብኝ ነው ይህን የምጽፈው።

አባባ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሚሲዮን ካቴኪስት፣ የሃይማኖት ትምህርት አስተማሪ ነበር። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አንድ የውጭ አገር ካህን የሰጠው ትልቅ ወረቀት ተሰቅሎ ነበር፤ ከዓሣ አጥማጁ ጀምሮ እስከ ዘመኑ ድረስ የነበሩት የሮም ፓፓዎች ሁሉ በሳንቲም መጠን፣ ክብ ክብ ሆነው፣ ስማቸው ከሥራቸው ተጽፎ በረድፍ የተደረደሩበት። አዲስ ሲመረጥ አባባ ከጋዜጣ ፎቶ ቆርጦ ከታች ይጨምርበታል። ከመቁጠሪያ ጸሎት በፊት ቀጭን እንጨት ይዞ ይቆምና አንዳንዱን ይነግረናል። ይሄኛው ወደ ማዕድን ጉድጓድ ተግዞ እዚያው የሞተ ነው። ይሄኛው በአረመኔው ንጉሥ ፊት ወጥቶ ከተማውን ያስማረ ነው። ይሄኛው ራሱን የአገልጋዮች አገልጋይ ብሎ የጠራ፤ ይሄኛው ደግሞ ዙፋኑን ትቶ ወደ በዓቴ ልመለስ ያለ መናኝ። የመናኙ ነገር ሲደርስ አባባ ድምፁ ይሰበር ነበር።

ስድስት ፊቶች ላይ ግን በዱቄት ሙጫ ነጭ ወረቀት ለጥፎባቸዋል። እንጨቱ እነሱ ጋ ሲደርስ ይዘላል።

"እነዚህስ አባባ?"

"ስለነሱ አንናገርም።"

ወንድሜ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። አንድ ቀን አባባ በሌለበት ወንበር ላይ ወጥቶ አንደኛውን ወረቀት በምራቁ እያረጠበ ላጠው። እኔ ፊደል የምቆጥር ሕፃን ነበርኩ፤ በር ላይ አቁሞኝ ነበር። ከሥሩ ቀንድ ያለው ነገር ይወጣል ብዬ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ወርዶ በጆሮዬ "ሽማግሌ ነው። ልክ እንደ ሌሎቹ ሽማግሌ ነው" አለኝ፤ የተታለለ ሰው ድምፅ ነበረው።

አባባ ሲመለስ የነገርኩት እኔ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም። ወንድሜ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠጠር ላይ ተንበርክኮ ዋለ፤ አባባም በዚያ ፊት ላይ ድርብ ወረቀት ለጠፈ።

በኋላ ወንድሜ ካህን ሊሆን ዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤት ገባ። አባባ ያን ጊዜ መሬት የሚረግጥ አይመስልም ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ወንድሜ ሻንጣውን ይዞ ተመለሰና "ጥሪው የለኝም" አለ። አባባ አልተቆጣም። ጎረቤት ስለ ልጁ ሲጠይቀው "ስለሱ አንናገርም" ይል ጀመር፤ በዚያው በእንጨቱ ድምፅ። ወንድሜ ዲቪ ደርሶት ወጣ፤ ላስ ቬጋስ ገባ፤ ካዚኖ ውስጥ ካርድ የሚያከፋፍል ዲለር ሆነ። ቤተ ክርስቲያን መሳለም ካቆመ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነበር። እኔም ዕጣዬ ወጥቶ ስመጣ የተቀበለኝ እሱ ነው። መነኩሲት ይለኛል። ኖርዝ ላስ ቬጋስ ቤት ሲፈልግልኝ "ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ አገኘሁልሽ፤ ለእኔ ቢሆን ከሩቁ ነበር የምፈልገው" ብሎ ሳቀብኝ። እሱ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ኢንተርፕራይዝ በሚባል ሰፈር ነበር የሚኖረው።

አባባ ሲደክም እኔ ሄጄ አስታመምኩት። በመጨረሻው ቀን "ድምፁን አሰሚኝ" አለኝ። ስሙን አልጠራም፤ ግን ማንን እንደሆነ አወቅኩ። ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ወንድሜ አላነሳም። "ሥራ ላይ ነው አባባ፤ ዲለር ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ስልክ አያነሳም" አልኩት። አባባ ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ፤ በዚያው ሌሊት አረፈ።

ከቀብር በኋላ ስለ ፓፓዎቹ የጻፈበትን ደብተር ይዤ ተመለስኩ። የስድስቱ ገጽ ላይ ስማቸው ብቻ አለ፤ ከሥሩ ባዶ ነው። የእነሱን ታሪክ ያወቅኩት እዚህ፣ ሰበካችን ጠረጴዛ ላይ ውሰዱት ተብሎ ከተቀመጠ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። መዝገበ ቃላት ይዤ ስድስቱንም አነበብኩ። አነበብኩና መጽሐፉን መሳቢያ ውስጥ ከታች ከተትኩት።

ከተማው በተዘጋ በሁለተኛው ሳምንት፣ መጋቢት ውስጥ፣ ወንድሜ ረፋድ ላይ ደወለልኝ። ሁለታችንም ሥራ ፈትተን ቤት ተቀምጠናል።

"መነኩሲት፣ ቲቪ ክፈቺ።"

ከፈትኩ። የዛሬው ፓፓ በዚያ ትልቅ አደባባይ ላይ በዝናብ ብቻቸውን እያነከሱ ይወጣሉ። ሰው የሚባል የለም።

"ጃንጥላ እንኳ የሚይዝለት የለም?" አለኝ። "ሽማግሌውን ብቻውን አወጡት እኮ!"

ስልኩን ሳይዘጋ እስከ መጨረሻው አየ። እኔም በዚህኛው ጫፍ እስትንፋሴን ይዤ ተቀምጫለሁ። አሜን ብል ይሸሻል ብዬ ፈራሁ፤ በልቤ ብቻ አልኩት። ከቤታችን ግድግዳ ሥር ከተነሣን ወዲህ አብረን የጸለይነው ያን ቀን ነው፤ መጸለያችንን ግን አንዳችንም ጮክ ብለን አልተናገርንም።

ከፋሲካ በኋላ እዚህ ያለን ጥቂት የአገራችን ካቶሊኮች በስልክ መጸለይ ጀመርን። ቁጥር ይደወላል፣ ኮድ ይመታል፣ ሁሉም ይደማመጣል፤ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ሰብሳቢያችን በዕድሜ የገፉ፣ ቀልድ የማያውቁ ሴት ናቸው።

"እባካችሁ ሚዩት አድርጉ፣ ድምፃችሁን ዝጉ! የማን ድስት ነው የሚንጫጫው?"

"የኔ ነው እትዬ፤ ሽሮዬ ገንፍሎብኝ ነው።"

"ታዲያ በሰላም ለኪ ሽሮ ይጨመራል? አጥፊው!"

አንድ ቀን እኒሁ ሴት "አንቺ የካቴኪስት ልጅ" አሉኝ፤ "በየቀኑ አንዳንድ ፓፓ አንብቢልን። ቤተ ክርስቲያን ስንት መቅሠፍት አልፋ እዚህ እንደደረሰች እንስማ።" ደስ አለኝ። የአባባን ደብተር አወጣሁ። እየተጠነቀቅኩ፣ ሲያስፈልግም ከመጽሐፉ እየጨመርኩ ማንበብ ጀመርኩ። ሰማዕታቱ አለፉ፤ ተራ በተራ እየተገደሉ የቀጠሉት። ግንቦት ውስጥ ከስድስቱ የመጀመሪያው ጋ ደረስኩ፤ ወንድሜ የላጠው ጋ። ስሙን አነበብኩ። ከዚያ ጉሮሮዬን ጠረግኩና "ስለ እሳቸው ብዙ የተጻፈ የለም" ብዬ ገጹን ገለጥኩ።

ጸሎቱ ገና እንዳለቀ ስልኬ ጮኸ።

"ብዙ የተጻፈ የለም?" አለኝ ወንድሜ፤ ሰላምታም የለው።

"ጋሽዬ! መስመሩ ላይ ነበርክ እንዴ?"

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ሚዩት ማድረግ የማውቅ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው ያላወቅሽኝ።" ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። "ያ የኔ ሰውዬ ነው። ስሙን የምረሳው ይመስልሻል? ጉልበቴ ላይ ተጽፏል እኮ። ዛሬም ወረቀት ለጠፍሽበት?"

"የሚያንጽ ነው የሚነበበው። መስመሩ ላይ ደካማ ሰው ይኖራል፤ ይሰናከላል።"

"ደካማው ሰው እኔ ነኝ። ምን አደረገ? ንገሪኝ።"

"ሌላ ጊዜ።"

ስልኩን አልዘጋም። የሆነ ነገር ሊናገር እንደሆነ ገብቶኛል።

"አባባ ሲሞት ጠረጴዛ ላይ አልነበርኩም" አለኝ። "ብሬክ ላይ ነበርኩ። ስልኩ ፊቴ ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁ። ሦስቴም አየሁት። ሊረግመኝ ነው ብዬ ነው መሰለኝ። ወይም ይቅር ሊለኝ። የቱ እንዳስፈራኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።"

ከሠላሳ ዓመት በኋላ ኑዛዜ የሚመስል ነገር ከአፉ ወጣ። ካህን አይደለሁም፤ ግን እህት ነኝ። ነገ ወደ አባ ልውሰድህ ማለት እችል ነበር። አባባ ድምፅህን ፈልጎ ነው እንጂ ሊረግምህ አልነበረም ማለት እችል ነበር፤ እውነቱም ይህ ነው። እኔ ያልኩት ግን ይህን ነው፦

"አይ፣ ሥራ ላይ ነበርክ። በቃ፣ ስለዚህ አንናገር።"

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የማን እንደሆነ ሰማሁት። እሱም ሰማው።

"እሺ መነኩሲት" ብሎ ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሳውም። ካዚኖው ሲከፈት በፕላስቲክ መከለያ ጀርባ ሆኖ ካርዱን ማከፋፈል ቀጠለ። እኔም ማንበቤን ቀጠልኩ። ሌሎቹ አምስት በየተራቸው መጡ፤ በየተራቸውም "ብዙ የተጻፈ የለም" አልኩ። መስመሩ ላይ ይኑር አይኑር አላወቅኩም። ሚዩት ነበር።

ያን ቀን፣ ነርሷ እንዳለችው ስልኩ መልሶ ሲደወል የሆቴሉ ክፍል መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ከጀርባው ማሽኑ እንደ ንፋስ ያፏጫል። ነርሷ "ይሰማሻል፤ ቶሎ ቶሎ" አለችኝ።

"ጋሽዬ።"

"መነ… ኩሲት።"

አባ ያሉኝን እንዳለ ነገርኩት። ካህን ሊደርስ እንደማይችል፤ ያ በዝናቡ ብቻቸውን ያየናቸው ሽማግሌ ግን ለእንዲህ ያለ ቀን በሩን ክፍት እንዳደረጉት፤ ከልቡ ማረኝ ካለ፣ ከዳነ እናዘዛለሁ ካለ፣ እንደሚበቃ። "በአፍህ ባትችል በልብህ በለው። አሁን በለው፤ እኔም አብሬህ እላለሁ።"

ማሽኑ ያፏጫል።

"እሱ… ለእናንተ ነው" አለኝ። በየቃሉ መሀል አየር ይፈልጋል። "እኔ… ወረቀቱ ሥር ነኝ።"

"አይደለህም! ጋሽዬ፣ አይደለህም!"

"ያ ሰውዬ… ምን አደረገ?"

ከስምንት ወር አንዱን ቀን ብነግረው ኖሮ ይህን ጥያቄ አይጠይቀኝም ነበር። በቀጥታ መጨረሻውን ልንገረው ወይስ ከመጀመሪያው? የአባባ ልጅ ነኝና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

"የስደት ዘመን ነበር" አልኩት። "ቄሳሩ ክርስቲያኖችን ያስፈጅ ነበር። ለጣዖት ዕጣን የጣለ ይለቀቃል። እሱንም ይዘው መሠዊያው ፊት አቆሙት። ፓፓ ነው እንግዲህ፣ የሁሉ አባት ነው፤ በየጉድጓዱ የተደበቀው ምእመን እሱን ነው የሚያየው። ፈራ ጋሽዬ። ዕጣኑን ቆንጥሮ እሳቱ ላይ ጣለ።"

"ካደ?"

"ካደ። ከዚያ ግን—"

ከወዲያ የወንድ ድምፅ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅተናል አለ። ነርሷ "ይቅርታ፣ መሄድ አለብን" አለችኝ። "አንድ ደቂቃ! አላለቀም!" ብዬ ጮኽኩ፤ በድንጋጤ በአማርኛ ነው የጮኽኩት። ስልኩ ጨርቅ ላይ እንደተጣለ ሆኖ ድምፁ ታፈነ። የብረት ድምፅ፣ የጫማ ድምፅ። ከዚያ በዚያ ሁሉ መሀል፣ በማስክ የታፈነ የሌላ ሴት ድምፅ፣ በጠራ አማርኛ፦

"አይዞዎት ጋሼ፣ እኔ እዚህ ነኝ። እጄን ይያዙ።"

"እህቴ!" አልኩ። "እህቴ፣ ንገሪልኝ! ተመለሰ በይው! አልቅሶ ተመለሰ—"

መስመሩ ተቋርጧል። መቼ እንደተቋረጠ አላውቅም።

ያቋረጥኩት ታሪክ ይህ ነው። ያ ፓፓ ከካደ በኋላ በሰው ፊት መቆም አቃተው። ጳጳሳቱ ሲሰበሰቡ ማቅ ለብሶ መሀላቸው ገባና ፍረዱብኝ አላቸው። እነሱም፣ አንተን የሚፈርድ የለም፣ በራስህ ፍረድ አሉት። አለቀሰ። ከዚያ ራሱ ወደ ቄሳሩ ተመልሶ ክርስቲያን ነኝ አለ፤ አንገቱን ቆረጡት። አንዳንድ ሊቃውንት መካዱ ራሱ ጠላቶቹ ያወሩበት ነው ይላሉ። እኔ አላውቅም። የማውቀው ወንድሜ ይዞት የገባው የታሪኩ ግማሽ መሆኑን ነው፤ ከሁለቱ ግማሾች ደግሞ ክፉውን።

ስወጣ ባልደረባዬ ክፍሉን ጨርሳ፣ የወደቀውን ጨርቄን አንሥታ፣ ጋሪው አጠገብ ቆማለች። "ነገርሽው?" አለችኝ።

"ግማሹን።"

"ጌታ ግማሹን ይሞላዋል" አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ በቀላሉ አይደለም ብዬ እከራከራት ነበር።

ወንድሜ አልነቃም። ከአሥራ ሦስት ቀን በኋላ መጨረሻው ነው ሲሉ አባን አስገቧቸው፤ ከእግር እስከ ራሳቸው በፕላስቲክ ተጠቅልለው ገብተው የሕሙማንን ቅባት ቀቡት። እኔን በመስኮት ነው ያሳዩኝ። በማግስቱ አረፈ።

አባ ተረጋጊ ይሉኛል። ከመተኛቱ በፊት ልቡ ወደ እግዚአብሔር ተመልሶ ከሆነ ቅባቱ ሁሉን ይፈጽማል፤ ምሕረቱ ከእኛ አእምሮ ይሰፋል። አምናለሁ። ማታ ማታ መቁጠሪያዬን ስይዝ ግን ጣቴ "ከሆነ" የምትለው ላይ ይቆማል። እንደ እኔ ዓይነት ሴት እንዲህ ያለውን ቃል ረግጣ አታልፍም።

በአርባው ቀን በስልክ ጸሎቱ ላይ ደብተሩን ትቼ መጽሐፉን ከመሳቢያ አወጣሁ። ስድስቱንም አነበብኩ፤ ሥልጣን የገዛውን፣ በአፍላነቱ ተሾሞ ቤተ ክርስቲያንን ያሳፈረውን፣ ሁሉንም። ንስሐ የገባውን ገባ አልኩ፤ ያልታወቀውን አልታወቀም አልኩ። መጨረሻ ላይ ወንድሜ የላጠውን አነበብኩ፤ እስከ መጨረሻው። ድስት እንኳ አልተንጫጫም።

ሰብሳቢያችን "ይህን ሁሉ ለምን ደበቅሽን?" አሉኝ።

"እንዳትሰናከሉ ብዬ ነው እትዬ።"

ያቺ የሽሮዋ ሴት ሚዩቷን ከፈተች። "እኔ እኮ ያን ሁሉ ጻድቅ በየቀኑ ስሰማ ከርሜ፣ እኔስ የት ልግባ እያልኩ ነበር" አለች። ማንም አልሳቀም።

ሆስፒታሉን ጠይቄያለሁ። ያን ሰዓት በዚያ ክፍል ማን እንደነበረ ለሰው አንናገርም አሉኝ፤ ሕጋቸው ነው፣ አልፈርድባቸውም። በሐበሻ ሱቆች ጠየቅኩ። የኦርቶዶክሶቹም የጴንጤዎቹም ደጅ ቆሜ ከቅዳሴና ከአምልኮ የሚወጡትን ጠየቅኩ። ሆስፒታል የሚሠሩ ብዙ ናቸው፤ ያን ዘመን ብዙ ሽማግሌ እጃቸውን ይዞ አልፏል፤ የትኛው የእኔ እንደሆነ እንዴት ያስታውሱት። አንዲቷ "እኛ እኮ የምናስታውሰው እንዳናብድ መርሳት ያቃተንን ብቻ ነው" አለችኝ። እጇን ሳምኩ፤ እሷ ግን አልነበረችም።

ስለዚህ በአማርኛ ጻፍኩት፤ አንቺ እንድታነቢው።

እህቴ፣ እጄን ይያዙ ያልሽው አንቺ፤ ስምሽን አላውቅም፣ ፊትሽን ደግሞ በዚያ ሁሉ መሸፈኛ ውስጥ እሱ እንኳ አላየውም። ሰውዬው ጸጉሩ የሸበተ ነው፤ በቀኝ ጉልበቱ ላይ የቆየ የጠጠር ጠባሳ አለው። ስልኩ አንሶላው ላይ ተጥሎ እኔ እጮህ ነበር። የምጠይቅሽ ይህን ነው፦ ተመለሰ ስል ድምፄ ገና ይሰማ ነበር? ሰምቶት ነበር? ከዚያ በፊት፣ ወይም ከዚያ በኋላ፣ እስኪተኛ ባለችው ጊዜ፣ አፉ ተንቀሳቀሰ? እጅሽን ሲይዝ በሌላኛው አማትቦ ነበር? ወይስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ?

ለሐዘንተኛ የሚነገረውን አውቃለሁ፤ እኔም ስናገረው ኖሬአለሁ። አንቺ ግን ያየሽውን ንገሪኝ። በስልክ ጸሎታችን ላይ ግቢ፣ ቁጥሩን በሐበሻ ሱቆቹ ትቼልሻለሁ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚያው ነኝ፤ ድምፅሽን አውቀዋለሁ። ያየሽው ክፉም ቢሆን፣ ምንም ያላየሽ ብትሆኚም፣ ወረቀት ሳትለጥፊበት ንገሪኝ።